ጓሮ ያለችው ቤት የራሷ ማጥፊያ ያስፈልጋታል፦ ጋራዥ፣ ሼድና ኤዲዩ ላይ መብራት ስናስገባ

አሁን አሁን አሜሪካ ያለ ሀበሻ ስለ ቤት ማውራት ከጀመረ ወሬው ዞሮ ዞሮ ጓሮ ላይ ነው የሚያርፈው። ለብቻዋ የቆመችውን ጋራዥ አድሶ ማከራየት፣ ወይ እናትና አባትን ከአገር ቤት አምጥቶ እዛ ማሳረፍ፣ ካልሆነም የኤሌክትሪክ ምጣዱን ከኪችን አውጥቶ ሼድ ውስጥ መትከልና ቤቱን ከእንፋሎት መገላገል። ሕጉም እያገዘ ነው። ካሊፎርኒያ በ2020 ሥራ ላይ በዋሉት ሕጎቿ ጓሮ ላይ ቤት መሥራትን በጣም አቀለለችው፣ ዋሽንግተን ስቴት ደግሞ በ2023 ኤችቢ 1337 የሚባለውን አውጥታ ከተሞች በአንድ ግቢ እስከ ሁለት ተጨማሪ ቤት፣ ማለትም ኤዲዩ፣ እንዲፈቅዱ አስገደደች። ስለዚህ ሲያትልም በሉ ሎስ አንጀለስ ሰዉ እየቆፈረ፣ ሽቦ እየሳበ ነው።

ታዲያ ስለ ወለሉ፣ ስለ ሻወሩ፣ ስለ ኪራዩ ብዙ ሲወራ ስለ አንዲት ነገር ማንም አያወራም፣ ኢንስፔክተሩ መጥቶ በር ላይ ቆሞ «የዚህ ቤት ዲስኮኔክት (ዋና ማጥፊያ) የት ነው?» እስኪል ድረስ። መልሱ ሁሌም አንድ ነው፦ «ብሬከሩ ዋናው ቤት ቦርድ ላይ አለ እኮ!» አለ፣ ግን እሱን አይደለም የጠየቀው።

የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ኮድ (ኤንኢሲ የሚባለው፣ ኤንኤፍፒኤ የሚባለው የእሳት መከላከያ ማኅበር በየ3 ዓመቱ የሚያወጣው) አንቀጽ 225 ላይ የሚለው ባጭሩ ይሄ ነው፦ አንድ ሕንፃ መብራት የሚያገኘው ከሌላ ሕንፃ ከሆነ፣ እዛው የሚመገበው ሕንፃ ጋ ገቢውን መስመር በሙሉ የሚቆርጥ ማጥፊያ ሊኖረው ይገባል። ውጪው ግድግዳ ላይ ይሁን ውስጥ ግድ የለም፣ ውስጥ ከሆነ ግን ሽቦው ከሚገባበት ቦታ ቅርብ መሆን አለበት፣ ሽቦው ቤቱን በሙሉ ዞሮ መጨረሻ ላይ ማጥፊያ ማግኘት አይሆንም። ደግሞ በቀላሉ የሚደረስበት ይሁን ይላል፣ ማለትም መሰላል ሳታመጡ፣ የተቆለለ ካርቶን ሳትገፉ፣ እጃችሁን ዘርግታችሁ። እጀታው ሲበራ ከወለል ከ6 ጫማ ከ7 ኢንች በላይ መውጣት የለበትም፣ ይሄ ወደ 2 ሜትር ገደማ ነው። ከዋናው ቤት ጋር የተያያዘ ጋራዥ ላይ ይሄ ነገር የለም፣ ለብቻዋ የቆመች ከሆነች ግን ባለ አንድ አምፖል ሼድም ብትሆን ነገሩ ይመለከታታል።

ለምን ይሄ ሁሉ ጣጣ? ብሬከሩ ቢጠፋ መብራቱ ይጠፋ የለ እንዴ? ይጠፋል። ጥያቄው ማን ነው የሚያጠፋው ነው። ለእናንተ ለባለቤቶቹማ ቀላል ነው፣ ቦርዱ ቤዝመንት ውስጥ የት እንዳለ ታውቃላችሁ፣ የትኛው ብሬከር የጋራዡ እንደሆነም ምናልባት ታውቃላችሁ (ምናልባት ያልኩት ብዙ ቦርድ በር ላይ ያለው ጽሑፍ ወይ ከ30 ዓመት በፊት በእርሳስ የተጻፈ ነው ወይ ጭራሽ የለም)። ግን እሳት ሲነሳ የሚመጣው የእሳት አደጋ ሰራተኛ ቤታችሁን አያውቅም። ጋራዥ ውስጥ ገብቶ ሽቦ የሚነካው ጥገና ሰሪ፣ እሱ ሽቦ እንደያዘ ዋናው ቤት ውስጥ ያለ ልጅ «ይሄ ብሬከር ለምን ጠፋ» ብሎ መልሶ ቢያበራበት አያይም። ማጥፊያው አጠገቡ ከሆነ ግን እያየው ነው የሚሠራው። እንግዲህ ሕጉ የተጻፈው ቤቱን ለማያውቅ ሰው ነው፣ ይሄን ከያዛችሁ የቀሩት ዝርዝሮች ራሳቸው ይገባሉ።

አሁን ምን ዓይነት ማጥፊያ ወደሚለው እንምጣ፣ እዚህ ጋ ኮዱ ሰው ከሚያስበው በላይ ለዘብ ያለ ነው። ሼዷ ከዋናው ቤት የሚመጣላት አንድ መስመር ብቻ ከሆነ፣ ለምሳሌ ባለ 20 አምፔር፣ ለአምፖልና ለአንድ ሁለት ሶኬት፣ ተራ የግድግዳ ማብሪያ ማጥፊያ ይበቃል፣ ለመኖሪያ ቤት ጋራዥና ሼድ ይሄ ተፈቅዷል። ነገር ግን እዚህ ላይ በብዛት የሚሠራ ስህተት አለ፦ ሰዉ በሩ ጋ ያለችውን የአምፖል ማጥፊያ አሳይቶ «ይኸው ዲስኮኔክት» ይላል። ያቺ አምፖሉን ብቻ ነው የምታጠፋው፣ ሶኬቱ እንደበራ ነው። ማጥፊያው መስመሩ እንደገባ፣ ከሶኬቶቹም ከአምፖሉም በፊት መቀመጥ አለበት፣ አንዴ ጠቅ ሲደረግ ሼዷ ውስጥ በሽቦ ላይ ምንም መቅረት የለበትም። ይሄ ደግሞ የራሱ መዘዝ አለው። ሼድ ውስጥ ፍሪዘር ያለው ሰው ማጥፊያውን ከአምፖሉ ማጥፊያ ጎን ካደረገው አንድ ቀን እንግዳ ሲወጣ ሁለቱንም ጠቅ ጠቅ አድርጎ ይሄዳል፣ ለፋሲካ የተገዛው በግ ሳምንቱን ሙሉ እየቀለጠ ይቆያል። ስለዚህ ራቅ አድርጎ ለብቻው፣ ክዳን ያለው አድርጎ፣ ላዩ ላይ ጽፎ ማስቀመጥ ነው።

ከአንድ መስመር በላይ ሲሆን ነገሩ ይቀየራል። ኮዱ ለአንድ ጓሮ ቤት አንድ ገቢ ብቻ ነው የሚፈቅደው። ብዙ ሰው የሚያደርገው ምንድነው፣ መጀመሪያ ላይ ለአምፖል አንድ ሽቦ ይስባል፣ ከዓመት በኋላ ምጣድ ይገዛና ለምጣዱ ሌላ ሽቦ ከሌላ ብሬከር ይስባል፣ ከዛ ለማሞቂያ ሦስተኛ። አሁን ያቺን ቤት ለማጥፋት ሦስት ብሬከር ፈልጎ ማግኘት ያስፈልጋል፣ አንዱን አጥፍቶ «ጠፍቷል» ብሎ የሚገባ ሰው ሁለተኛው ይጠብቀዋል። ከአንድ በላይ መስመር የምትፈልጉ ከሆነ የሚሳበው አንድ ወፈር ያለ ፊደር፣ ማለትም መጋቢ መስመር፣ ሆኖ እዛ ሰብፓነል (የጓሮዋ የራሷ የብሬከር ቦርድ) ይተከላል፣ ከሰብፓነሉ እንደፈለጋችሁ ማከፋፈል ነው።

ምጣዱን ካነሳን አይቀር ሒሳቡን እንሥራው፣ ምክንያቱም «20 አምፔር ይበቃዋል» የሚል ሰው አይጠፋም። ከአገር ቤት የሚመጣው ምጣድ ለ220 ቮልት የተሠራ ነው፣ 3500 ዋት ነው ብንል 16 አምፔር ገደማ ይስባል። እዚህ ግን የሚሰካው 240 ላይ ነው፣ ቮልቴጁ ከፍ ሲል ኃይሉም ከፍ ይላል፣ ወደ 4160 ዋትና ከ17 አምፔር በላይ ይሆናል። ሦስት ሰዓትና ከዛ በላይ ያለማቋረጥ የሚሠራ ጭነት ደግሞ በ125 በመቶ ነው የሚታሰበው፣ እንጀራ ለሱቅ የምትጋግር ሴትዮ ደግሞ በሦስት ሰዓት አትጨርስም። ስለዚህ 22 አምፔር ገደማ ላይ ደረስን ማለት ነው፣ 20ው አለቀለት፣ 30 አምፔር ብሬከርና 10 ቁጥር የመዳብ ሽቦ ነው የሚያስፈልገው። (የዩኤል፣ ማለትም የደህንነት ፍተሻ ማለፉን የሚያሳይ፣ ምልክት የሌለውን ምጣድ ኢንስፔክተሩ ካየው ሌላ ጨቅጫቃ ወሬ ነው፣ እሱን ለሌላ ቀን።)

ሰብፓነል ሲተከል የማጥፊያው መጠንም በቁጥር ተቀምጧል። ለአንድ መስመር ብቻ ከሆነ 15 አምፔር፣ እስከ ሁለት መስመር 30፣ ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ 100፣ ለሌላው ሁሉ 60 አምፔር፣ ከዚህ አያንስም። እዚህ ጋ ኤሌክትሪሻን ነኝ የሚለው ሰው ራሱ ሲምታታበት አይቻለሁ። ቁጥሩ የማጥፊያው አቅም ነው እንጂ የሚላከው መብራት መጠን አይደለም። ዋናው ቤት ላይ ያለው ብሬከር 50 ሆኖ ጋራዡ ላይ ያለው ማጥፊያ 60 ቢሆን ወይ 100 ቢሆን ምንም ችግር የለውም፣ ሽቦውን የሚጠብቀው ያኛው ነው፣ ይሄኛው ሥራው መቁረጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ርካሹ መንገድ ሱቅ ሄዶ ሜይን ብሬከር ያለውን ባለ 100 አምፔር ፓነል መግዛት ነው፣ ሜይን ብሬከሩ ዲስኮኔክት ሆኖ ያገለግላል። ሜይን የሌለውን ገዝቶ ሌላ ሳጥን ለብቻው ከመጨመር ይሻላል። ሜይን የሌለው ላይ ተራ ባለ ሁለት ፖል ብሬከር ሰክቶ ገቢውን በሱ ማስገባትም ይቻላል፣ ግን ብሬከሩን ከፓነሉ ጋር አጥብቆ የሚይዝ ለዛ ፓነል የተሠራ ማሰሪያ ያስፈልገዋል፣ አለበለዚያ ክዳኑ ሲከፈት ሊነቀል ይችላል፣ ከተነቀለ ደግሞ ጀርባው ላይ ያለው ብረት ከዋናው ቤት መብራት እየመጣለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ምክንያቱም ማጥፊያውን ተክሎ እዛው ሳጥን ውስጥ ቤተሰቡን ለአደጋ የሚያጋልጥ ሰው ሞልቷል። ኒውትራልና ግራውንድ።

አዲስ ፓነል ስትገዙ ከውስጡ በትንሽ ላስቲክ ከረጢት አረንጓዴ ብሎን ይመጣል፣ ወይ አንዳንዴ ቀጭን የብረት ማሰሪያ። ሥራዋ ኒውትራል የሚታሰርበትን ባር ከሳጥኑ ብረት ጋር ማገናኘት ነው። ዋናው ቤት ላይ፣ መብራት ኃይል ከመንገድ የሚያስገባበት ቦታ ላይ፣ ይሄ ግዴታ ነው። ጓሮ ያለው ሰብፓነል ላይ ግን ያቺን ብሎን አታስገቧትም፣ ከረጢቷ ውስጥ ትተዋት። ነጮቹ ሽቦዎች ለብቻቸው በአንድ ባር፣ ባዶዎቹና አረንጓዴዎቹ ለብቻቸው በሌላ ባር። ብዙ ፓነል የግራውንድ ባር አብሮ ስለማይመጣ ለብቻው መግዛት አለባችሁ፣ ዋጋው ሽሮ በእንጀራ አይሞላም፣ ግን ብዙ ሰው እሱን ላለመግዛት ሁሉንም አንድ ባር ላይ ይቀጥልና ይሄዳል። መብራቱ ይበራል፣ ምጣዱ ይሞቃል፣ ምንም አይታይም።

የማይታየው ይሄ ነው። ኒውትራል ሥራ ላይ ያለ ሽቦ ነው፣ ከአምፖሉ ከሶኬቱ የሚመለሰው ከረንት በሱ ነው የሚሄደው። ግራውንድ ግን በደህናው ጊዜ ምንም መሸከም የለበትም፣ ፌዝ (መብራት ይዞ የሚመጣው ሽቦ) ብረት ሲነካ ብቻ ነው ተጠርቶ ብሬከሩን የሚያስዘልለው። ሁለቱ ጓሮ ላይ ከተገናኙ የሚመለሰው ከረንት መንገድ መርጦ አይሄድም፣ በሁለቱም ይከፈላል፣ ግራውንዱ ላይም፣ ግራውንዱ በነካው ብረት ላይም፣ በውሃ ቧንቧውም፣ በኬብል ቲቪውም መከለያ ላይ። ከዛ አንድ ቀን መሬት ውስጥ ያለው ኒውትራል ውሃ በልቶት ሲቋረጥ ከረንቱ በሙሉ በግራውንዱ ይመለሳል። ማንም አያውቅም። ግራውንድ የሌለው አሮጌ ባለ ሦስት ሽቦ መስመር ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው፣ ኒውትራሉ ሲቋረጥ የፓነሉ ሳጥን ራሱ፣ የጋራዡ ብረት በር፣ የፍሪዘሩ ገላ ሁሉ በ120 ቮልት አካባቢ ይቆማሉ። ብሬከሩ አይዘልም።

«ግን እኮ ሮድ ተክለናል» ይላል አንዱ። ኮዱ ሰብፓነል ባለበት ጓሮ ቤት መሬት ውስጥ ሮድ፣ ማለትም የብረት ዘንግ፣ እንዲተከል ይጠይቃል (አንድ መስመር ብቻ ከነ ግራውንዱ የሚገባላት ሼድ ነፃ ናት)፣ ርዝመቱ 8 ጫማ፣ ብዙ ጊዜ ሁለት፣ ቢያንስ 6 ጫማ ተራርቀው። ጥሩ። ግን ሮዱ የተተከለው ለመብረቅና ከውጭ ለሚመጣ ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው፣ ብሬከር ለማስዘለል አይደለም። ሒሳቡ ቀላል ነው፣ አፈሩ በጣም ጥሩ ሆኖ 25 ኦም ብቻ ቢሆን እንኳ 120ን ለ25 አካፍሉት፣ 4.8 አምፔር። 20 አምፔር ብሬከር 4.8 አምፔር ሲያልፍበት መጫኑም አይታወቀው፣ ቀኑን ሙሉ ሊያሳልፈው ይችላል። ለሰው ግን ከመቶኛ የአምፔር ክፍልፋይ ጀምሮ አደጋ ነው። ሰውን የሚያድነው ከዋናው ቤት ድረስ የሚመለሰው ግራውንድ ሽቦ ነው፣ ለዚህ ነው ፊደሩ አራት ሽቦ የሚሆነው፦ ሁለት ፌዝ፣ አንድ ኒውትራል፣ አንድ ግራውንድ። ለ60 አምፔር 6 ቁጥር መዳብ፣ ግራውንዱ 10 ቁጥር።

ቁፋሮውን በአጭሩ ልለፈው። ከመቆፈር በፊት 811 መደወል፣ ነፃ ነው፣ ጋዝና ኬብል የት እንዳለ መጥተው ቀለም ቀብተው ያሳያሉ። በቀጥታ የሚቀበር ኬብል 24 ኢንች፣ በፒቪሲ ቱቦ ውስጥ 18 ኢንች ይግባ። ሽቦው ደግሞ ለእርጥብ ቦታ የተሠራ ይሁን፣ ቤት ውስጥ የሚሳበውን ቢጫውን ገመድ ቱቦ ውስጥ አስገብቶ መቅበር አይቻልም፣ መሬት ውስጥ ያለ ቱቦ እንደ እርጥብ ቦታ ነው የሚቆጠረው። ጋራዥና ሼድ ውስጥ ያሉት ሶኬቶች ጂኤፍሲአይ፣ ማለትም ከረንት ሲያፈተልክ ወዲያው የሚቆርጥ መከላከያ፣ ይፈልጋሉ።

እስካሁን ያወራነው ስለ ጋራዥና ስለ ሼድ ነው። ሰው የሚያድርበት ቤት ሲሆን ኮዱ ፊቱን ያጠቁራል፣ ልክም ነው። መጀመሪያ ከላይ እንዳልኩት ማጥፊያው 100 አምፔር የሚችል መሆን አለበት፣ ስለዚህ ጋራዥ በነበረችበት ጊዜ በ60 ያለፈችው ቤት ወደ ኤዲዩ ስትቀየር በዛው አትቀጥልም። ሁለተኛ፣ የ2023ቱ እትም ፊደር ለሚመጣላቸው መኖሪያ ቤቶች የድንገተኛ ማጥፊያ ውጪ እንዲሆን ጠየቀ፣ ግድግዳው ላይ ወይ ከቤቱ በሚታይበት ቦታ፣ በኮዱ ቋንቋ ደግሞ «የሚታይ» ማለት ከ50 ጫማ ያልራቀ ማለት ነው። ላዩ ላይ «ኢመርጀንሲ ዲስኮኔክት» የሚል በቀይ መደብ ላይ በነጭ የተጻፈ ይለጠፍበታል። ለዋናው ቤት ገቢ መስመር ተመሳሳዩ በ2020 ነበር የመጣው፣ ጓሮዋ ተራዋ የደረሳት በ2023 ነው። ኮዱ ግን በራሱ ሕግ አይደለም፣ ስቴቱ ወይ ከተማው ሲቀበለው ነው ሕግ የሚሆነው፣ እየቀነሱም እየጨመሩም ይቀበሉታል፣ ስለዚህ ጎረቤት ከተማ ያለ ዘመዳችሁ የሠራው ለእናንተ ላይሠራ ይችላል።

ሦስተኛው ነገር ተከራይ ነው። ኮዱ በመርህ ደረጃ ነዋሪው ለቤቱ የሚሆኑት ብሬከሮች ጋ መድረስ መቻል አለበት ይላል። አስቡት፣ ጓሮ ያለው ተከራይ ማታ በሦስት ሰዓት ማይክሮዌቭና ማሞቂያ አንድ ላይ ሲያበራ ብሬከሩ ዘለለ፣ ብሬከሩ ያለው ዋናው ቤት ቤዝመንት ውስጥ ነው፣ እናንተ ለክረምት አዲስ አበባ ሄዳችኋል። ይሄ ሰውዬ ምን ያድርግ? ወይ ብርድ ላይ ያድራል ወይ ከሌላ ቦታ ኤክስቴንሽን ይጎትታል፣ እሳት የሚነሳው እንደዛ ነው። እዛው የራሱ ሰብፓነል ካለው ራሱ መልሶ ያበራል።

ይሄን ነገር ሀበሻ ላይ ከባድ የሚያደርገው ልምዳችን ይመስለኛል። አገር ቤት ግቢ ውስጥ ትልቁ ቤት አለ፣ ከኋላ ሰርቪስ ቤቶች አሉ፣ ኪችኑም ምጣዱም ብዙ ጊዜ እዛ ነው። ለሰርቪሱ መብራት ከትልቁ ቤት በግድግዳ ወይ በአየር ላይ ይሳባል፣ ሰርቪሱ በር ላይ ማጥፊያ ያለው ግቢ የት ነው ያለው? ቆጣሪው ጋ ያለችው ብሬከር ናት ለሁሉም። ተከራይ ምጣድ ሲያበራ የትልቁ ቤት ቲቪ ይጠፋል፣ ሰው ጮሆ ይጣራል፣ አንዱ ሄዶ ብሬከሯን ይመልሳታል። ያ አሠራር እዛም ቢሆን አደገኛ ነው፣ እዚህ ግን ከአደጋው በተጨማሪ ፐርሚት የሌለው ሥራ ሆኖ ኢንሹራንስ ላይ ይመጣል። ዋሽንግተን ስቴት ላይ ደግሞ ልብ በሉ፣ ባለቤት በራሱ ቤት ላይ ፐርሚት አውጥቶ ኤሌክትሪክ መሥራት ይችላል፣ ለኪራይ ወይ ለሽያጭ ብሎ የሚሠራው አዲስ ቤት ላይ ግን ያ ነፃነት የለም፣ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ነው የሚሠራው። «የራሴ ግቢ ነው» የሚለው ክርክር እዚህ ጋ አያስኬድም።

አሮጌ ቤት ልትገዙ ላላችሁ ደግሞ፣ ጓሮ ያለችው ጋራዥ ላይ ባለ ሦስት ሽቦ ፊደር ብታገኙ ወዲያው «ሕገወጥ ነው» ብላችሁ አትደንግጡ። ከ2008 እትም በፊት ይሄ አሠራር ይፈቀድ ነበር፣ ኒውትራሉ ጋራዡ ላይ ከሳጥኑ ጋር ይታሰራል፣ ግራውንድ ሽቦ አይመጣም። በጊዜው በደንቡ የተሠራ ከሆነ እንዳለ መቆየት ይችላል፣ ግን ቅድመ ሁኔታ አለው፦ በሁለቱ ቤቶች መሃል ሁለቱም ጋ ከግራውንድ ጋር የታሰረ ሌላ የብረት መንገድ መኖር የለበትም። ማለትም የብረት ቧንቧ ውሃ፣ የብረት ኮንዱይት (የሽቦ ቱቦ)። የቀድሞው ባለቤት በኋላ ላይ የመዳብ ውሃ ቧንቧ ወደ ጋራዡ ከሳበ ያ ፈቃድ በዛው ቀን ፈርሷል፣ ቧንቧው ከረንት እየተሸከመ ነው። ስለዚህ ፓነሉን ሲያስከፍቱ የሽቦውን ብዛት ብቻ አታስቆጥሩ፣ ከዋናው ቤት ወደ ጓሮ ሌላ ምን ብረት እንደሚሄድም አስዩ። ካለ፣ ዋጋውን ስትደራደሩ የአዲስ ፊደርና የቁፋሮ ወጪ ጨምሩበት።